አዝማሪው ስለ በቀል ሲዘፍን ለምን ደስ ይለናል? (ከሰርግ ቤት የመጣ ጥያቄ)

ቀሃ ማዶ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:40

እንዴት አመሻችሁ የአገሬ ልጆች። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ግጥም ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ለእናንተ ላካፍላችሁና እኔ ልረፍ።

ከጥምቀት በኋላ ቆላ ድባ አካባቢ ሰርግ ነበረን። ሙሽራው የአክስቴ ልጅ ነው። ዳሱ ሞልቷል፣ ጠላው ይዞራል፣ እኔ ጎረድ ጎረዱ ላይ አተኩሬያለሁ። አዝማሪው ጋቢ ደርቦ ወገቡን በመቀነት ያሰረ፣ ሲዘፍን አንድ ዓይኑን የሚያጠብ ሰውዬ ነው። መጀመሪያ ሙሽራውን አሞገሰ። ቀጥሎ ሚዜዎቹን። አንዱን ሚዜ በጫማው ነካካውና ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ እኛ ወደተቀመጥንበት ጥግ መጣና አጎቴ ፊት ቆመ። ማሲንቆውን ወደ ጉልበቱ ዝቅ አደረገ፣ እንዲህም አለ፦

አባቴ የዘራው ደጄ ላይ በቀለ፣
ማጭድ የሚያውሰኝ ጎረቤት የት አለ።

ዳሱ ጸጥ አለ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ቤቱ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ አይደል? እንደዚያ።

ለማያውቅ ሰው ግጥሙ የገበሬ ነው። እኛ ዘመዶቹ ግን አንገታችንን ደፋን። አጎቴ ከድንበርተኞቻቸው ጋር ደም ነበራቸው። ነገሩ የተጀመረው በአያቴ ጊዜ፣ በአንድ የእርሻ ድንበር ነው። ሽማግሌ ገብቶ ደሙ ከደረቀ 12 ዓመት ሆኖታል። ከዚያኛው ወገን አንዱ ሰውዬ ደግሞ በዚያች ሰዓት ዳሱ ውስጥ ነበር። የት ቢሉ፣ አጎቴ ጎን።

እንግዲህ ጥያቄዬ ስለ ራሴ ነው። እኔ ቢሮ የምውል ሰው ነኝ። ዱላ ይዤ አላውቅም። በሕይወቴ የተጣላሁት ከባጃጅ ሹፌር ጋር ነው፣ ያውም ተሸንፌ። ግጥሙን ስሰማ ግን ሰውነቴ ውርር አለኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ነው ያስደነገጠኝ። የበቀል ዘፈን ምን አለውና ነው እንዲህ የሚጥመን?


አውቶፓርኮ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:52

አንተ ሰውዬ! አጎትህ ምን አሉ? ዳሱን ጸጥ አሰኝተህ ጥለኸን ትሄዳለህ እንዴ?


ቀሃ ማዶ

ይመጣል፣ አትቸኩል። አሁን ከነገርኳችሁ የጠየቅኩትን ትታችሁ ስለ አጎቴ ብቻ ነው የምታወሩት።


የፈረስ ጭራ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3:30

ግጥሟ ጥሩ ናት። እኔ ማሲንቆ እይዛለሁ፣ ማታ ማታ ፒያሳ አካባቢ እጫወታለሁ። ስለዚህ ከሙያው ወገን ልናገር።

አዝማሪው አጎትህ ፊት በድንገት የቆመ እንዳይመስልህ። ሰርግ ስንጠራ ቀድመን ደርሰን ወጥ ቤት እንገባለን። ወጥ የምትሠራ ሴት የማታውቀው ነገር የለም። ማን ከማን ተኳርፏል፣ የማን ልጅ ውጭ አገር ናት፣ ማን በቅርቡ በሬ ገዛ፣ ማን ሚስቱን ፈርቶ ነው ቀድሞ የመጣው። አንድ መለኪያ አረቄ ይዘህ ጎኗ ቁጭ ትላለህ፣ ሽንኩርቱ ሳይቁላላ የሰፈሩን ነገር ትጨርሳለህ። እዚያ ነው ግጥሙ የሚወለደው። ሙገሳ ሃያም ሃምሳም ብር ያመጣል። የቆየ ቁስል የነካች ግጥም ግን ሁለት መቶዋን ታስወጣለች። ይህን ስናገር አላፍርም፣ እንጀራዬ ነው።

ሁለተኛው ድምፁ ነው። ማሲንቆ አንድ ክር ናት። ጭራዋ ዕጣን ካልጠገበች አትጮህም። ደጋኑን ዕጣን አሽተህበት ቀስ ብለህ ስትስበው እንደ ሰው ጉሮሮ ትሻክራለች። ያንኑ ስንኝ ፈጠን አድርገህ በጭብጨባ ብትለው ሰው እስክስታ ይወርዳል። በቀረርቶ አካሄድ፣ ከበሮ ሳይኖር፣ እየጎተትክ ብትለው ያው ሰው ዱላውን የት እንዳስቀመጠ በዓይኑ ይፈልጋል። ስንኙ አንድ ነው። አንተ ማሲንቆውን ዝቅ አደረገ ስትል እኔ እዚህ ሆኜ ሰማሁት። ለእስክስታ አይደለም ዝቅ ያደረገው።

ወርቁ ደግሞ "በቀለ" ላይ ነው። ሰሙ፣ እህሉ በቀለ። ወርቁ፣ በቀል። ማጭድ ያው ስለት ነው፣ መሣሪያ ነው። "የሚያውሰኝ የት አለ" ማለት የሚያስታጥቀኝ፣ ከጎኔ የሚቆም ወገን የለኝም ወይ ማለት ነው። ተነሣ ነው ያላቸው።


እናት ዓለም ዘደንቢያ | እሑድ፣ ከምሽቱ 4:05

የፈረስ ጭራ ወንድሜ፣ ማሲንቆውን ታውቀዋለህ። ማጭዱን ግን አላወቅከውም።

እኔ ጤፍ አጭጄ ያደግኩ ነኝ። ማጭድ የበቀለውን የሚያነሣ ነው። ጎረቤትህ ማጭድ አዋሰህ ማለት አብሮህ ጎንበስ ሊል ነው፣ በማግስቱ አንተ ደግሞ የእሱ ማሳ ላይ ትገኛለህ። ማጭድ ለጠብ አይዋስም። ለጠብ የሚዋስ ሌላ ነገር አለ፣ ስሙን አልጠራውም። ግጥሙ የሚለው "አባቴ የዘራብኝ ነገር በእኔ ላይ በቀለ፣ አብሮኝ የሚያነሣልኝ ሽማግሌ ጠፋ" ነው። የእርቅ ግጥም ነው እኮ።


የፈረስ ጭራ

እታለም፣ እርቅ ከሆነ ለምን በዚያ ድምፅ አለው?


እናት ዓለም ዘደንቢያ

እሱን አዝማሪውን ጠይቀው። ወጥ ቤት ገብተህ።


አውቶፓርኮ

አዝማሪው ብልጥ ነው ባይ ነኝ። ሽማግሌ ቢቆጣው "እኔ ስለ እርቅ ነው" ይላል። ጎረምሳ ቢሸልመው "አዎ፣ ተነሣ ነው ያልኩት" ይላል። ፖሊስ ቢመጣ ደግሞ ስለ ጤፍ ነው። ሰምና ወርቅ ማለት ሦስት መታወቂያ መያዝ ነው።


ሚጣ አዘዞ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:15

ወይ ጉድ፣ በቀል ስትሉ ሁላችሁም ደም ውስጥ ገባችሁ። የፍቅር በቀልስ? ከምንሰማው ዘፈን ግማሹ እሱ አይደለም እንዴ?

እኔ ደግሞ ከፈረንጆቹ ጋር ሳወዳድረው ነው የሚገርመኝ። የአሜሪካዋ ካሪ አንደርውድ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የዘፈነችውን አስታውሱ። ሰውዬው ከሌላ ሴት ጋር መጠጥ ቤት ተቀምጧል። እሷ ውጭ ናት። መኪናውን በቁልፍ ትፈትገዋለች፣ የፊት መብራቱን በቤዝቦል ዱላ ታወርደዋለች፣ ጎማውን ትቀዳለች። ያኔ ዲክሲ ቺክስ ይባሉ የነበሩት ደግሞ ባሰባቸው። የሚደበድብ ባል ነበር፣ ሚስትየውና ጓደኛዋ ምግቡ ውስጥ መርዝ ጨምረው ገላገሉት። በ2000 በፈረንጆቹ የወጣ ነው፣ አናጫውትም ያሉ የሬዲዮ ጣቢያዎች ነበሩ። ዜማው ግን የልደት ዘፈን ነው የሚመስለው፣ ደስ ይላል።

ሻኪራ ደግሞ ዱላ አላነሣችም። በእኛ 2015 ጥር ላይ፣ ከአንድ አርጀንቲናዊ ሙዚቃ አቀናባሪ ጋር ሆና፣ ጥሏት የሄደውን ሰው ፌራሪ በትንሿ መኪና በትዊንጎ፣ ሮሌክስ በርካሹ ሰዓት በካሲዮ ለወጥክ አለችው። ያን ሰሞን ሥራ ቦታ ካሲዮ ያሰረ ልጅ ነበር፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ነው የዋለ።

አሁን የእኛን ስሙት። ተከድቶ፣ ተዋርዶ፣ ቤቱ ፈርሶ ምን ይላል? የእጅሽን አግኚ። ጊዜ ይፍረደን። እንባዬ ይድረስብህ። ብድር በምድር። ማንም ሰው የማንንም መኪና አይነካም። ባለፈው ዓመት አንድ ማሲንቆ ቤት ሚስቱ የሄደችበት ሰውዬ "ተቀበል" ብሎ ያስባላትን ይዣት ነበር፦

ፍርድ ቤትም አልሄድ፣ ምስክርም አልጠራ፣
ክረምት ይነግራታል በሚያፈሰው ጣራ።

የሄደችበት ሰው ቤት ጣሪያው ያፈሳል ማለቱ ነው። በቃ፣ ይቺ ናት በቀሉ። ዝናብ እስኪመጣ መጠበቅ! ሰኔ እስኪገባ ስድስት ወር ነበረው። እኔ ብሆን ቢያንስ አንድ ቆርቆሮ እነቅልባት ነበር።


መሪጌታ ነኝ ባይ | ሰኞ፣ ከቀኑ 6:20

ሚጣ፣ ሳቅሽን እግዜር አያጥፋው። ግን የጠበቀውን ሰውዬ አትናቂው።

የእኛ ዘፋኝ ከየት እንደተማረ ልንገርሽ። ከዳዊት ነው። አያቶቻችን ሰው ሲበድላቸው ምን ያደርጉ ነበር? ዳዊት ይደግሙበት ነበር። "ዳዊት ደገመበት" ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ። 108ኛውን መዝሙር፣ በሌላው ቁጥር 109ኛውን፣ አንድ ቀን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ልጆቹ ድሀ አደግ ይሁኑ፣ ሚስቱም መበለት ትሁን፣ ዕድሜው ይጠር፣ ሹመቱን ሌላ ይውሰደው፣ ያለውን ሁሉ ባለ ዕዳ ይበርብረው። ሻኪራ የሰውዬውን ሰዓት ነው የቀማችው። ይሄኛው ዘር ማንዘሩን ነው።

ከዚያ ደግሞ ጳውሎስ አለ፣ በቀል የጌታ ነው፣ እናንተ አትበቀሉ የሚለው። ሁለቱን አንድ ላይ ስትሰሚ ካደግሽ፣ ጆሮሽ የሚለምደው ነገር ይኼው ነው። እጅሽን ትሰበስቢያለሽ፣ ክሱን ግን አታነሺም። "እንባዬ ይፍረድ" የሚል ዘፈን ስሰማ እኔ ለከሳሹ አላዝንም። ለተከሳሹ ነው የምፈራው። መኪናው ቢሰበር ጋራዥ ይወስደዋል፣ ለዚህኛው ግን ጋራዥ የለውም።

ቅኔ ቤት ጀምሬ ያቋረጥኩ ነኝ፣ ስሜን አይታችሁ አትሳሳቱ።


አወያይ

ሁለት አስተያየቶች ወርደዋል። እዚህ የምናወራው ስለ ዘፈን ነው። የሰሞኑን ፖለቲካ ሌላ ክር ላይ ውሰዱት። ፉከራ መጻፍ የሚያምራችሁም እንደዚሁ።


ጡረተኛው መምህር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:45

ልጆቼ፣ ከሰዓት ጀምሬ ሳነብ ቆየሁ። ጽሑፍ ስለማልፈጥን ታገሡኝ።

ሁላችሁም ዘፈን በቀልን እንዴት እንደሚናገር ነው የምትጫወቱት። ዘፈን ራሱ በቀል እንደሚያመጣ ግን ማንም አላነሣም። ይህ አገር ደግሞ ለዚህ ምስክር አያጣም።

በ1845 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ካሣ ኃይሉና የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጉር አምባ ላይ ተሰለፉ። ካሣ ገና አፄ ቴዎድሮስ አልተባሉም፣ ደረስጌ ማርያም ላይ የነገሡት በ1847 ዓ.ም. ነው። የደጃዝማች ጎሹ አዝማሪ ከሠራዊቱ ፊት ወጣና ካሣን አንጓጠጠ። እብድ ነው፣ ሰው ሳይኖረው ይንጎራደዳል፣ የሽምብራ ማሳ ላይ ወርደህ ያዘው፣ አለ። ሰው ሳቀ። ውጊያው ሲያልቅ ግን ጎሹ ሞተዋል፣ አዝማሪውም ተማርኳል። ካሣ ፊት አቀረቡትና ምን ብለህ ሰደብከኝ ተባለ። ሰውዬው ያን ጊዜም ያለ ግጥም አልተናገረም። አፍ ሥራ ሲያጣ ወዳጁን ያማል፣ ለቀልማጣ አዝማሪ ሽመል ይገባዋል፣ ብሎ በራሱ ላይ ፈረደ። በሽመል ተደብድቦ ሞተ።

እኔ 31 ዓመት ታሪክ ሳስተምር ተማሪ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይጠይቀኛል። "ግጥሙን አሳምሮ የገጠመው ምሕረት ያገኛል ብሎ ነው?" ይለኛል። እኔ እንጃ። ምናልባት ግጥም ለምዶበት ነው።

ካሣን ስድብ እንዴት እንደሚያንገበግባቸው ቀድሞም የታየ ነው። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ኮሶ ሸጠው ነበር እየተባለ ይወራባቸው ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ ከራስ አሊ እናት ከእቴጌ መነን ሹማምንት አንዱ ነበር። ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ ፎከረ። ተሸንፎ ተያዘ። ካሣም ዛሬ እናቴ ኮሶውን ሳይገዟት ውላለች ብለው፣ ለራቱ ኮሶ አጠጡት ይባላል። ኮሶ ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ልጅ ሆኜ ቀምሻለሁ። ከሽመሉ የትኛው እንደሚሻል ለመምረጥ ይከብዳል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተኛ። በድሮው ሥርዓት ነፍሰ ገዳይ ለሟች ዘመድ፣ ለባለደሙ ይሰጥ ነበር። ባለደሙ ወይ ይገድላል፣ ወይ የደም ዋጋ ተቀብሎ ይምራል። ምርጫው የቤተሰቡ ነው። ሕዝብ ቆሞ ያያል። እዚህ መካከል ዘፋኝ ሲገባ አስቡት። ገንዘቡን የተቀበለውን ሰው "የአባቱን ደም በብር ለወጠ" ለማለት ሁለት መስመር ይበቃል። ሁለት መስመር ሰምቶ ቤቱ የሚገባ ሰው ጥርሱን ነክሶ ነው የሚያድረው።


ሚጣ አዘዞ

መምህር፣ እግዜር ያክብርዎ። የኮሶውን ታሪክ ሳነብ የዲክሲ ቺክስ ምግብ ትዝ አለኝ። እርስዎ ክፍል ገብቼ ቢሆን ኖሮ ታሪክ አልወድቅም ነበር።


ጡረተኛው መምህር

እኔ ክፍል የገቡም ወድቀዋል የኔ ልጅ።


እናት ዓለም ዘደንቢያ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

መምህር ያሉት ሁለት መስመር ወደ አያቴ ወሰደኝ። ልጽፈው አልፈልግም ነበር።

አያቴ አልቃሽ ነበረች። ለቅሶ ሲኖር ከሩቅ ይመጡላታል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወገቧን ታጥቃ፣ መጀመሪያ ዝም ብላ ትቆማለች። ያን ዝምታዋን ነው የምፈራው። የእናቴ ወንድም በሰው እጅ የሞተ ጊዜ ግን ለገዛ ልጇ ነው ያለቀሰችው። እኔ ያኔ ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ያለችውን አልረሳውም፦

ገዳይህ ሲራመድ ኮቴው ይሰማኛል፣
እኔ ሴት ነኝና ማን ይነሣልኛል።

ወንዶቹን አላየችም። መሬት መሬቱን እያየች ነው ያለችው። ግን እያንዳንዱ ወንድ እኔን ነው ብሎ ሰማት። አንዱ አጎቴ ከለቅሶው ወጥቶ ከግንቡ ሥር ቆመ። የሲጋራ ወረቀት ሲያጨማትር አየሁት፣ ሲጋራ አያጨስም።

ሚጣ፣ ያቺ ፈረንጅ ዱላውን ራሷ ነው ያነሣችው አልሽ። የእኛ ሴት ዱላውን አታነሣም። ለሚያነሣው ሰው ስሙን ትጠራለታለች። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ እርቅ ሲጀምሩ መጀመሪያ የሄዱት ገዳዩ ቤት አይደለም። ወደ አያቴ ነው የመጡት። ሦስት ሆነው በር ላይ ቆሙ፣ አንገባም አሉ። "እሜቴ፣ ግጥሙን ይተውልን" አሏት። ብዙ ዝም አለች። በኋላ "ግጥሙን እተወዋለሁ፣ ጩኸቴን ግን አትከልክሉኝ" አለቻቸው። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ በልጇ ሙት ዓመት ላይ ስታለቅስ ቃል አልወጣትም። ድምፅ ብቻ።

የገዳዩ ወገኖች ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ለመጠየቅ የመጡ ቀን ቤት ውስጥ ነበረች፣ አልወጣችም። ግን ዳቦውን የጋገረችው እሷ ናት።


የፈረስ ጭራ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

እታለም፣ ትናንት የጻፍኩትን ስለ ሁለት መቶ ብር ነገር አሁን ሳነበው አሳፈረኝ። ላጥፋው አልልም። እንዲህ ነው የምንሠራው። ግን አሳፈረኝ።


አውቶፓርኮ

እኔም ቀልድ ይዤ ነበር የመጣሁት፣ ተውኩት። ቀሃ ማዶ፣ አሁንስ አጎትህን አምጣቸው።


ቀሃ ማዶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:00

እሺ። እናት ዓለም፣ እግዜር ይስጥሽ። ካንቺ በኋላ የእኔ ታሪክ ቀላል ነው።

ጋሼ ዋንጫቸውን መሬት አስቀመጡ። ኪሳቸው ገቡና ሁለት መቶ ብር አወጡ። የፈረስ ጭራ፣ ሂሳብህ ልክ ነው። ብሩን በምራቃቸው አርሰው አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፉት። እኔ በዚያች ሰዓት ዘራፍ የሚሉ ነው የመሰለኝ። ወደ ኋላዬ መውጫ እየፈለግኩ ነበር። እሳቸው ግን ከመቀመጫቸው እንኳ አልተነሡም። "ተቀበል" አሉ።

"ከምን" አለ አዝማሪው። ድምፁ ትንሽ ቀጥኗል።

የበቀለውንማ ድሮ አጭደነዋል፣
ማጭዱን ያዋሰኝ ጎኔ ተቀምጧል።

አዝማሪው ደገመው። ግዴታው ነው፣ ተቀበል ከተባለ ይቀበላል። ግን እየጎተተ ሳይሆን ፈጠን አድርጎ ነው ያለው፣ ጭብጨባ ተጀመረ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ጎናቸው ያለው ሰውዬ ምን እንዳደረገ ትጠብቃላችሁ። ሥጋ እያኘከ ነበር፣ ማኘኩን ቀጠለ። ውጦ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞር ብሎ "ይሄ አዝማሪ የማን ልጅ ነው?" አለኝ። በቃ ይሄ ብቻ።

ማታ ስንመለስ ከሹፌሩ ኋላ አብረን ተቀመጥን። ጋሼ ዝም። እኔ አላስቻለኝም። "ጋሼ፣ በዚያች ቅጽበት እንዴት አድርገው ገጠሙት?" አልኳቸው። እንደ ጅል አዩኝ።

"የዚያች ቅጽበት አይደለም" አሉኝ። "የመጀመሪያዋ ግጥም አዲስ መሰለችህ? እርቁ ካለቀ ጀምሮ ገበያው ውስጥ ከኋላዬ ስትባል 12 ዓመቷ ነው። ፊቴ ላይ የተባለችው ዛሬ ነው። መልሷን ይዤ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።"


እናት ዓለም ዘደንቢያ

ማጭዱን አወቁት! ጎረቤት ነው አላልኩም?


የፈረስ ጭራ

ተሸነፍኩ እታለም። ግን ገበያ ላይ ሲሏት ለእርቅ እንዳልነበረ ጋሼም ያውቃሉ። ባይሆን መልስ ባላዘጋጁላት ነበር።


መሪጌታ ነኝ ባይ

12 ዓመት አንዲት ግጥም በሆድ ይዞ መኖር። ሰዎች፣ ቂም ማለት ይሄው አይደለም እንዴ? ጥሩ ቂም ሆኖባቸው ነው እንጂ።


ቀሃ ማዶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:35

እኔም ይህንኑ ነው ሳብሰለስል የከረምኩት። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ገጥሞኛል።

ሰርጉ ላይ አንዱ ጎረምሳ በስልኩ ቀርጾ ነበር። ቲክቶክ ላይ ለጥፎታል። ቪዲዮው የሚያልቀው "የት አለ" ላይ ነው። የጋሼ መልስ የለም፣ ተቆርጧል። ፊታቸው ብቻ ትንሽ ይታያል፣ ከሥሩ የጥይት ድምፅ ገብቶበታል። ከላይ "ደም መላሹ" ተብሎ ተጽፏል። ሰው እሳት እሳቱን ምልክት እየደረደረበት ነው። የገዛ ልጃቸው፣ 19 ዓመቱ ነው፣ የስልኩ ጥሪ አድርጓታል። ስልኩ ሲጮህ "አባቴ የዘራው" ይላል። ቤት ውስጥ። ምሳ ላይ።

እኔ ሙሉው አለኝ። ልልቀቀው ወይስ?


አውቶፓርኮ

ልቀቀው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?


ሚጣ አዘዞ

ልቀቀው ወንድምዓለም። ግን ፊታቸውን ሸፍነው። የጎረቤትየውንም።


ጡረተኛው መምህር

መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቅ። ግጥሙ የእርሳቸው ነው።


ቀሃ ማዶ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:20

ደወልኩላቸው። ቪዲዮውን እንዳዩት ነገሩኝ፣ ልጁ አሳይቷቸዋል። ሙሉውን ልልቀቀው ወይ አልኳቸው። ሳቁ። "የእኔን ማን ይጨፍርበታል ብለህ ነው?" አሉኝ። ከዚያ ስለ ሽምብራ ዋጋ ጠየቁኝና ዘጉ።

አትልቀቀውም አላሉኝም፣ ልቀቀውም አላሉኝም። እስካሁን አልለቀቅኩትም።


የፈረስ ጭራ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3:50

ትናንት ማታ ሁለቱንም ሞከርኳቸው። ቤቱ ጥሩ ሞልቶ ነበር፣ ከጎርጎራ የመጡ ነጋዴዎችም ነበሩ። የሰው ስም አልጠራሁም፣ ታሪኩንም አልነገርኩም።

መጀመሪያ የጋሼን አልኩ። ዕጣኑን አሽቼ፣ ቀስ ብዬ፣ በሚገባ። አንድ ሽማግሌ ጥግ ላይ አንገታቸውን ነቀነቁና ሃምሳ ብር ሰጡኝ። ሌላው ሰው ወሬውን ቀጠለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የመጀመሪያዋን አልኳት። ገና "በቀለ" ስል ሁለት ሰው ተነሣ። አራት መቶ ብር።

ቀሃ ማዶ፣ ሃምሳዋን ለብቻዋ አስቀምጫታለሁ። ወደ ቆላ ድባ የሚሄድ ሰው ሲኖር ለጋሼ ስደድልኝ።